አስፋልቱ ያምራል፤ ብስክሌተኛውን ግን ማን ያየዋል?

"አላየሁህም እኮ ወንድሜ!"

ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ያለኝ ይህንኑ ነው። እኔ አስፋልቱ ላይ በጎኔ ተጋድሜአለሁ፤ ብስክሌቴ ከእኔ አራት ክንድ ያህል ርቃ ወድቃለች፤ የኋላ ቸርኬዋ ተጣምሞ ስምንት ቁጥር ሠርቷል። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። የሰውየው እጅ ይንቀጠቀጣል። አልሰከረም። አልፈጠነም። ስልክም አያወራም ነበር። ሊሰድበኝም አልሞከረም (ይህ ራሱ በአዲስ አበባ ብርቅ ነው!)። እየደጋገመ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እውነቴን ነው፣ አላየሁህም!"

ክርኔን የመታኝ የመኪናዋ ስፖኪዮ ነው። መኪናዋ ደግሞ የኤሌክትሪክ ነች። እሱ አላየኝም፤ እኔም አልሰማኋትም። ሁለታችንም እውነታችንን ነው።

ያን ሌሊት ክርኔ ላይ በረዶ አስሬ "ይህን የሚያህል ሰው እንዴት አይታይም?" እያልኩ ስናደድ አደርኩ። ሲነጋ ብስክሌቴን ስመረምር ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። የኋላ መብራቴ ጠፍቷል። ስወድቅ ተሰብሮ አይደለም፤ ቻርጁ አልቆ ነው። ከሜክሲኮ ስነሳ ይበራ ነበር። የት ላይ እንደጠፋ እኔ በምን ልወቅ? ከኋላዬ ነው ያለው! በዚያ ላይ የለበስኩት ጃኬት ጥቁር ነው። የመንገዱ መብራትም በዚያ በኩል አይሠራም። እንግዲህ ጥቁር ሰው፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ በጥቁር አስፋልት ላይ፣ በጥቁር ሌሊት! ሹፌሩን ብከስሰው ኖሮ ዳኛውም "እኔም አላየሁህም" ብሎ ባሰናበተኝ ነበር።

ይህን የማነሳው ስለ ክርኔ ብዬ አይደለም። ክርኔ ድኗል። የማነሳው በየምሽቱ እንደ እኔ ሳይታዩ ወደ ቤታቸው ስለሚጓዙት ሰዎች ነው። ለአዳር ሥራ የሚወጣው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ምግብ ጀርባው ላይ አዝሎ ሰው ቤት የሚያደርሰው የዴሊቨሪ ልጅ፣ የማታ ተማሪው፣ የታክሲ ሰልፍ ያንገሸገሸው ተላላኪ። እነዚህ ሰዎች ብስክሌት የሚነዱት ለስፖርት ወይም ለአየር ንብረት ተጨንቀው አይደለም። የታክሲ ሒሳብ የወር ደመወዛቸውን እየቆረሰ ስላስቸገራቸው ነው።

መቼም መንግሥታችን ለብስክሌተኛው አላሰበም አይባልም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ "የኮሪደር ልማት" በተባለው ሥራ ከአራት ኪሎ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ በሌሎችም አውራ ጎዳናዎች የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለታል። ለዚህ ሁሉ ስንት ሰው ከኖረበት ሠፈር እንደተነሳ ፒያሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። መንገዱ ያምራል፤ አልክድም። አምፖሉ ከዛፉ ቅጠል በልጧል። ዳሩ ግን ኮሪደሩ ያልቃል። ኮሪደሩ ሲያልቅ መብራቱም አብሮት ያልቃል፤ የብስክሌተኛው ቤት ግን ገና ነው። ቤቱ ኮሪደሩ ላይ አይደለማ! ጀሞ ነው፣ ቃሊቲ ነው፣ አያት ነው፣ ሰበታ ነው። የዓባይ ግድብ በ2017 ጳጉሜን ተመርቋል፤ ደስ ብሎናል። በእኛ ሠፈር መንገድ ላይ የተተከሉት ምሰሶዎች ግን ምርቃቱን የሰሙ አይመስሉም።

እንግዲህ ባለሥልጣኖቻችን እስኪያዩን ድረስ ቢያንስ ሹፌሩ እንዲያየን ማድረግ የራሳችን ዕዳ ሆነ ማለት ነው። እኔም ከወደቅሁ ወዲህ ስለ ብስክሌት መብራት ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅሁት፣ ገዝቼም ያልተታለልኩበት የለም። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ፍሬኑ ይዞ መኪናው ቀጥ እስኪል ደግሞ በደረቅ አስፋልት ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል። በጠቅላላው 45 ሜትር። ክረምት ከሆነ፣ ጎማውም ከተላጨ፣ የበለጠ። ስለዚህ ሹፌሩ እኔን 30 ሜትር ላይ ቢያየኝ ምን ዋጋ አለው? የሚያየኝ ሊመታኝ ነው። ብስክሌተኛ ሊታይ የሚገባው ከመቶ ሜትር፣ ከሁለት መቶ ሜትር ርቀት ነው።

ይህን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ከአውራ ጣት ትንሽ የምትበልጥ መብራት አውጥቶ "ወንድሜ፣ ይቺ አሥር ሺህ ሉመን ነች፤ ዓይን ታጠፋለች!" አለኝ። ማሸጊያው ላይም እንደዚያው ተጽፏል። ሉመን ማለት አንድ መብራት በጠቅላላ የሚረጨው ብርሃን መለኪያ ነው። ድሮ ቤታችን የምንሰቅለው ባለ 60 ሻማ አምፖል የሚሰጠው ከ700 እስከ 800 ሉመን ያህል ነው። እንግዲህ በሻጩ አባባል ያቺ ጣት የምታህል ዕቃ ከአሥራ ሁለት የማያንሱ አምፖሎች አንድ ላይ የሚሰጡትን ብርሃን ትሰጣለች ማለት ነው! እንዲያ ቢሆን ኖሮ ለኮሪደሩ ምሰሶ መትከል ለምን አስፈለገ? አንዲት አንዲት ለየሠፈሩ ማደል በበቃ ነበር።

ባትሪዋም እንደዚያው ነች። 18650 የሚል ቁጥር ያለው ክብ ባትሪ ላይ "9900 ሚሊ አምፒር" ተብሎ ይጻፋል። ስመ ጥር የሆኑት ፋብሪካዎች በዚያ መጠን የሚሠሩት ባትሪ የሚይዘው 3500 አካባቢ ነው። ከዚያ በሦስት እጥፍ ይበልጣል የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዕቃውን ሳይሆን ውሸቱን ነው የምትገዙት። የእኔዋ የኋላ መብራት ሜክሲኮን አልፋ የሞተችው በዚሁ ዓይነት ባትሪ ነው።

የፊት መብራትን በሚመለከት ዋናው ነገር የብርሃኑ ብዛት አይመስለኝም፤ የሚሄድበት ቦታ ነው። ጀርመኖች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ሕግ አላቸው። የብስክሌት የፊት መብራት ብርሃን ልክ እንደ መኪና አጭር መብራት ከላይ በኩል መቆረጥ አለበት፤ መንገዱን እንጂ የሰው ዓይን እንዳይመታ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብስክሌት ላይ መጠቀምም የተከለከለ ነው። እኛ ዘንድ የሚሸጠው አብዛኛው ግን የእጅ ባትሪ ነው፤ ብርሃኑን ክብ አድርጎ ለሰማዩም ለመሬቱም እኩል ያድላል። ሹፌሩን አሳውሮ "እየኝ" ማለት ምን የሚሉት ብልሃት ነው? በበኩሌ የመንገድ መብራት ባለበት ከ200 እስከ 300 እውነተኛ ሉመን ይበቃል እላለሁ። መብራት በሌለበት፣ ጉድጓድና ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል በሞላበት መንገድ (ማለትም በአብዛኛው ከተማችን) ከ500 እስከ 800 ያስፈልጋል። ጀርመኖቹ የሚያጸድቁት ዓይነት ካልተገኘም መብራቷን ወደ መሬት ዘንበል አድርጎ ማሰር ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የኋላው ነው። ከፊት የሚመጣውን ቢያንስ አያለሁ፤ ከኋላ የሚመጣውን ግን የማየው ከወደቅሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአንድ ጥሩ የፊት መብራት ሁለት መካከለኛ የኋላ መብራት ይሻላል ባይ ነኝ። አንደኛዋ ሳትቋረጥ የምትበራ፣ ሁለተኛዋ ብልጭ ድርግም የምትል። ብልጭ ድርግም የምትለው ዓይን ትስባለች፤ ያልተቋረጠችው ደግሞ ሹፌሩ ርቀቱን እንዲገምት ትረዳዋለች። አንዷ ብትሞት ሌላዋ አለች። ስትገዙ አምራቹ ስንት ሰዓት እንደምትበራ የጻፈውን ብቻ ሳይሆን ቻርጅ ሲያልቅ የምታስጠነቅቅ መሆኗን ጠይቁ። የውኃ መከላከያዋንም እዩ፤ አይፒኤክስ 4 የሚል ከሆነ ፍንጣሪ ትችላለች፣ አይፒኤክስ 7 ከሆነ ውኃ ውስጥ ብትወድቅም ትተርፋለች። ለሐምሌና ለነሐሴ ሁለተኛዋ ነች የምትሆነው። ደግሞ በጃኬት ጫፍ ወይም በተጫነ ዕቃ እንዳትሸፈን። ስንቱን አይቻለሁ፣ መብራቱ እየበራ ማዳበሪያ የጋረደበት!

ባትሪን ካነሳሁ አይቀር አባቴ ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር ልጅ ሆኜ አባቴ ፊኒክስ ብስክሌት ነበረው። ጎማው ላይ የምትለጠፍ ዲናሞ ነበረችው፤ ማታ ማታ ጎማዋን እየታከከች ዥው ስትል ከሩቅ "አባባ መጣ!" ብለን በር እንከፍታለን። ጉልበት ትበላለች፣ ሲቆም ትጠፋለች፣ ዝናብ ሲመታት ትንሸራተታለች። ግን ቻርጅ አልጠየቀችም፤ መብራት ኃይል ቢያጠፋም ባያጠፋም ለእሷ ጉዳይዋ አይደለም። ዛሬ ውጭ አገር ዲናሞው ጎማው እምብርት ውስጥ ገብቷል። ባለ 6 ቮልት፣ ባለ 3 ዋት ነው፤ አይንሸራተትም፣ አይጮህም፤ መብራቶቹም ብስክሌቱ ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ይበራሉ። መብራት በፈረቃ ለለመደ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ዳሩ ግን መርካቶ ዞሬ አላገኘሁትም። ያገኘሁት አሥር ሺህ ሉመን ብቻ ነው።

ዴንማርኮች ደግሞ ኦደንሴ በተባለች ከተማቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመሩትና አንድ ዓመት የፈጀ ሙከራ አድርገው ነበር። 3,845 ብስክሌተኞችን ይዘው ለ1,845ቱ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ፣ በማግኔት የሚሠራ መብራት ገጠሙላቸው፤ ባትሪም ቻርጅም የለውም። የቀሩት እንደ ነበሩ ቀጠሉ። ዓመቱ ሲያልቅ መብራት የተገጠመላቸው ሰዎች የመቁሰል አደጋ ከሌሎቹ በ19 ከመቶ አንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ይህ ቀንም ጭምር በማብራት የተገኘ ነው። ፀሐይ እያለ መብራት ማብራት እኛ ዘንድ "ባትሪ በከንቱ" ይባላል።

አሁን ደግሞ እኔን ራሴን ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ሹፌሮችን ሌሊት በተከለለ መንገድ ላይ እያስነዳ ብስክሌተኛውን ያዩት እንደሆነ መዘገበ። ጥቁር የለበሰውን ያወቁት 2 ከመቶ ናቸው! ሁለት! ያን ቀን ዓይን የሚወጋውን ብጫ ሰደርያ የለበሰውን ያወቁት 15 ከመቶ ብቻ፤ ብጫነቱ በፀሐይ እንጂ በመኪና መብራት አይሠራማ። ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሰውን 50 ከመቶ አወቁት። ከሰደርያው ሌላ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ላይ አንጸባራቂ ያሰረውንስ? 90 ከመቶ! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እግር ሲሽከረከር የታሰረው አንጸባራቂ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ እንቅስቃሴ ለሹፌሩ አእምሮ "ይህ ምሰሶ አይደለም፣ ሰው ነው" ብሎ ይነግረዋል። የሚገርመው፣ በዚያው ሙከራ መሪው ላይ የታሰረ መብራት ብቻውን ብስክሌተኛውን ለይቶ በማወቅ ረገድ የጨመረው ነገር አልተገኘም። መብራት "እዚህ አንድ ነገር አለ" ይላል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለት ነው። አንጸባራቂ ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሁለት ማሰሪያ ማሰፋት ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥ። እኔ አሰፍቻለሁ። ሠፈር ውስጥ ልጆች "ትራፊኩ መጣ" ይሉኛል፤ ይበሉ!

ወደ ራዳሩ ልምጣ። አዎን፣ ራዳር! የብስክሌት ራዳር የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ዋሽንግተን ካለችው የአክስቴ ልጅ ነው፤ መውደቄን ሰምታ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ኮርቻው ሥር የምትታሰር፣ መብራትም ራዳርም የሆነች ዕቃ ነች። ከኋላ መኪና ሲቀርብ መሪው ላይ ወዳለው ስልክ መልእክት ትልካለች፤ ስልኩ ይጮኻል፣ መኪናውም በነጥብ ተመስሎ እየቀረበ ይታያል። ጋርሚን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሚሠራቸው አንዷ እስከ 140 ሜትር ታያለች። እንዲያውም ሐሳቡ የአሜሪካኖች አይደለም፤ ኢኩቡ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ የፈጠረው ነው። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2015 ገዝቶት የራሱ አደረገው። አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ዕቃ በዋሽንግተን ዞሮ በሻንጣ ተሸሽጎ ይመጣልናል። ቡናችንስ እንደዚያው አይደል?

በነገራችን ላይ ይህቺን ራዳር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አንድ ትልቅ ሕንፃ ልገባ ስል ፈታሹ ልጅ አወጣት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የብስክሌት ራዳር ነው።"

"ራዳር?!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። አለቃው ተጠራ፤ የአለቃው አለቃ ተጠራ። "መኪና ነው የምታየው፣ አውሮፕላን አይደለም" ብዬ እስካስረዳ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። በመጨረሻ የዳንኩት "የኋላ መብራት ነው" ብዬ አብርቼ ካሳየኋቸው በኋላ ነው። ምክሬን ስሙ፤ በዚህ አገር ስሟን "መብራት" በሏት።

ለመሆኑ ትሠራለች? ሁለት ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ይዣት ወጣሁ። ነፋሱ ጆሮ በሚደፍንበት በዚያ ሜዳ ላይ እኔ ምንም ሳልሰማ እሷ ትጮኻለች። መኪናው በ80 ቢመጣ፣ እኔ በ25 ብጓዝ፣ 140 ሜትሩን ዘግቶ እስኪደርስብኝ 9 ሰከንድ ያህል አለኝ። ዘጠኝ ሰከንድ ብዙ ነው። ጉድጓድ ለመሸሽ ወደ መሐል መውጣቴን እተዋለሁ፤ ዳር እይዛለሁ፤ ዞሬ አያለሁ። ዘወር ብሎ ማየትን አትተካም እንጂ መቼ ዘወር ማለት እንዳለብኝ ትነግረኛለች። ማለዳ ማለዳ አውራ ጎዳና ላይ ለሚለማመዱት ብስክሌተኞቻችን ይህ ቅንጦት አይደለም።

ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ከመገናኛ እስከ ስድስት ኪሎ ሳይቋረጥ ስትጮህ ስልኩን ልጥለው ነበር። መኪናው መዓት ነው! ከዚህም ሌላ ራዳሯ የምታየው ከእኔ ፈጥኖ የሚቀርበውን ነው። በእኔው ፍጥነት ተከትሎኝ የሚመጣ መኪና ከማያዋ ላይ ይጠፋል፤ ጀርባዬ ላይ ሆኖ "የለም" ትለኛለች። መኪናው ምን ያህል ተጠግቶኝ እንደሚያልፍም አታውቅም። በአንድ ሜትር ተኩል ያልፈኝ ይሁን፣ በስፖኪዮው ክርኔን ይላጨኝ፣ ለእሷ ሁለቱም አንድ ነጥብ ናቸው። ከፊት ለፊቴ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ዳር የሚይዘውን ሚኒባስ፣ በሩን ሳያይ የሚከፍተውን ባለላዳ ጭራሽ አታይም። ከተማ ውስጥ ደግሞ የሚገድለን እሱ ነው።

ዋናውን ነገር ልናገር። ራዳሯ መኪናው መምጣቱን ለእኔ ትነግረኛለች እንጂ እኔ መኖሬን ለሹፌሩ አትነግረውም። ሰው "ቀይ ሽብር" ያለው ሲኖትራክ፣ ሰው "አልቃይዳ" ያለው አይሱዙ ከኋላዬ በ90 እየመጣ መሆኑን በስምንት ሰከንድ ያህል ቀድሜ ባውቅስ? ወዴት ልሽሽ? ዳሩ ገደል ነው፤ ወይም ድንጋይ ተከምሮበታል። አደጋውን አስቀድሞ ማወቅና ከአደጋው ማምለጥ ለየቅል ናቸው። ሹፌሩን የሚያነቃው ራዳሯ ላይ ያለችው መብራት ነች፤ መብራቷን ደግሞ ያለ ራዳሩም መግዛት ይቻላል።

ዋጋዋስ? አሜሪካ 200 ዶላር ገደማ ነች። ብራችን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ "በገበያ ዋጋ ይወሰን" ከተባለ ወዲህ ይህ ከ25 ሺህ ብር በላይ ነው። ቻይናዎቹም ታይዋኖቹም ረከስ ያለ ሠርተዋል፤ ረከሰ የተባለውም ቢሆን የጥበቃ ሠራተኛው ስንት ወር ሊሠራበት ነው? በዚያ ገንዘብ ሁለት እውነተኛ የኋላ መብራት፣ አንድ የፊት መብራት፣ የእግር አንጸባራቂ ተገዝቶ ለጎማም ይተርፋል። ስለዚህ ለከተማ ብስክሌተኛ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ራዳሯን እርሷት። አውራ ጎዳና ላይ የሚውል፣ ዘመድ ዋሽንግተን ያለው፣ ይግዛ።

ድምፅ የሌላቸውን መኪናዎች ጉዳይ ግን ገዢው ብቻውን አይወጣውም። መንግሥት በ2014 ማብቂያ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስና ኤክሳይዝ አነሳላቸው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ጥሩ! አየሩ ይጠራል፣ ዶላሩም ይድናል። ግን የሚገቡት መኪኖች ቀስ ብለው ሲሄዱ ድምፅ የሚያሰሙ ስለመሆናቸው የጠየቀ ባለሥልጣን አለ? የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ሰው የሚሰማው ድምፅ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ከዚያ በላይ የጎማው ድምፅ ይበቃል ተብሎ ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ቢያስገድዱ ምን ያጣሉ? ዓይነ ስውራንስ ምን ይሁኑ?

ሌላም አለ። ሌሊት አንድ ዓይናውን የጭነት መኪና፣ የኋላ መብራቱ በጭቃ የተለሰነውን ገልባጭ የሚያስቆም ትራፊክ አይቼ አላውቅም። የብስክሌት መብራትና አንጸባራቂ እንደ መድኃኒት ታይቶ ያለ ቀረጥ ቢገባ ግምጃ ቤቱ አይከስርም። የዴሊቨሪ ድርጅቶችም ይስሙኝ። ልጆቹ የሚያዝሉት ሳጥን ላይ ስማችሁን በትልቁ ጽፋችኋል። ያንን ስም በሚያንጸባርቅ ቀለም ብትጽፉት ሌሊትም ማስታወቂያ ይሆናችሁ ነበር፤ ልጁም በሕይወት ይመለስላችሁ ነበር።

ከገዛኋቸው የኋላ መብራቶች አንዷን የእኛ ሠፈር ዘበኛ ለሆኑት ጋሼ ሰጠኋቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከቃሊቲ እየነዱ ማታ ይመጣሉ፣ ጠዋት ይመለሳሉ። መረቁኝ፣ አመሰገኑኝ፤ ኮርቻቸው ሥርም አሰርኩላቸው። ከሳምንት በኋላ መብራቷ ጠፍታ ሲመጡ አይቼ "ጋሼ፣ ተበላሸች እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ ደኅና ነች ልጄ። አስፋልቱ ላይ አበራታለሁ። ወደ ውስጥ ስታጠፍ ግን አጠፋታለሁ።"

"ለምን? ጨለማው እኮ እዚያ ነው!"

"እሱማ ነው። ያ ጥጋ ጥግ ላይ የሚቆሙት ልጆችም ያዩኛል እኮ። ባለፈው ወር የጎረቤቴን ብስክሌት ከነሰውየው ገፍትረው ወሰዱት። መኪናው ቢያየኝ ጥሩ ነበር። ሌባው እንዳያየኝ ደግሞ ምን ላድርግ?"

መልስ አልነበረኝም። ጋሼ አሁንም እንደዚያው ያደርጋሉ። አስፋልቱ ላይ ያበሯታል፤ የመንገድ መብራት ወደሌለበት ቅያስ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ያጠፏታል።